እልል የተባለለት ገበያ

አንድ ሕዝቡን የሚወድ ንጉሥ ነበር። መውደዱ እውነት ነው፤ ክፉ ንጉሥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፣ ይህንንም ታሪክ ማውራት ባላስፈለገ። ጠዋት ጠዋት ጸሎቱን ካደረሰ በኋላ በተራራው ላይ ካለው ቤተ መንግሥቱ መስኮት ቆሞ ወደ ታች ሜዳውን ያያል። ሰው ሲያርስ፣ ሴቶች ውሃ ቀድተው ሲመለሱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ገበያው ጢም ብሎ ሲሞላ ያይና ፈጣሪውን ያመሰግናል። ችግሩ መስኮቱ በጣም ከፍ ያለ መሆኑ ነበር። ከዚያ ላይ ሆኖ ሁሉ ይታያል፣ የሚሰማ ነገር ግን የለም።

በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ በተነገረ ቁጥር ወንዶች እጅ ይነሳሉ፣ ሴቶች እልል ይላሉ። ልማዱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ምናልባት ድሮ አዋጅ የሚነገረው እርቅ ሲወርድ ወይም ቸነፈር ሲያልፍ ብቻ ኖሮ ይሆናል። ኋላ ግን ፍየል ይታሰር ሲባልም እልል፣ ፍየል ይፈታ ሲባልም እልል ሆነ። አንድ ጊዜማ የንጉሡ አጎት ማረፋቸው ሲነገር ከኋላ የቆሙት ሴቶች ቃሉ ሳይሰማቸው እልልታውን አቀለጡት ይባላል። አዋጅ ነጋሪው ላብ እያጠመቀው፣ "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ለቅሶ ነው፣ ለቅሶ ነው" እያለ በስንት መከራ አስቆማቸው።

እልልታውን የምታወጣው ማንጠግቦሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ከአማቷ ከእማማ ደብሪቱ ጋር በሜዳው ዳር ትኖራለች። የሁለቱም እንጀራ እሷ ሠርታ ቅዳሜ በምትሸጠው ማሰሮና እንስራ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። በአዘቦቱ ቀን ሸክላ ሠሪ ናት ተብላ ከጎኑ ቁጭ በይ የሚላት ሰው አልነበረም። ነጋሪት ሲመታ ግን፣ "ማንጠግቦሽን አሳልፏት፣ ወደ ፊት ትምጣ" ተብሎ መንገድ ይለቀቅላታል። ድምፅዋ የጠራ ነው። እሷ ካልጀመረች ሌሎቹ አይከተሉም። ሰው ፊት የምትከበረው በዚህ በአንዱ ነገር ነበርና፣ ነጋሪት ሲሰማ እጇን ከጭቃ ታጥባ የምትሮጠው እሷ ነበረች።

አንድ ክረምት ንጉሡ በመስኮቱ ሲመለከት አንዲት አህያ ከነጭነቷ በገበያው ጭቃ ሰምጣ፣ ባለቤቷ በጅራቷም በጆሮዋም እየጎተተ ሲታገል አየ። አዘነ። አማካሪዎቹን ጠርቶ፣ "ሕዝቤ በጭቃ ሲሰቃይ እያየሁ እንዴት ዝም እላለሁ? እዚህ እኛ አጠገብ ያለው ሜዳ ድንጋያማ ነው፣ ጭቃ አያውቀውም። ገበያው ወደ ተራራው ይውጣ" አላቸው።

አማካሪዎቹ፣ "ጃንሆይ፣ ይህ አምላክ የገለጠልዎ ሐሳብ ነው" አሉ። ወደ ተራራው የሚያወጣው መንገድ ምን ይመስላል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እነሱ የሚወጡት በበቅሎ ነዋ።

ነጋሪት ተመታ። ሰው ተሰበሰበ። አዋጅ ነጋሪው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ገበያው በተራራው ላይ እንዲቆም መታዘዙን አሰማ። ማንጠግቦሽ ተራራ የሚለውን ቃል ስትሰማ አቀበቱ ትዝ አላት። ሐሳቧ ገና ነገሩን ሳይጨርስ ግን ጉሮሮዋ ቀደመ። እልል አለች። ሴቱ ሁሉ ተከተላት። ወንዶቹ እጅ ነሱ።

"እንዴት ተቀበሉት?" አለ ንጉሡ፣ አዋጅ ነጋሪው ሲመለስ።

"ጃንሆይ፣ እልልታው ሰማይ ሊቀድ ምንም አልቀረው።"

ንጉሡ ያን ቀን ደስ ብሎት ዋለ።

ማንጠግቦሽ ቤቷ ስትገባ እማማ ደብሪቱ ከመደቡ ላይ ሆነው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም።

"ምን ተባለ ዛሬ?"

"ገበያው ወደ ተራራው ወጣ አሉ፣ እማማ።"

እንዝርቱ ቆመ። "በዚያ በአንሸራታቹ አቀበት? እንስራ ተሸክመሽ?"

"እንግዲህ እሱ ነው መንገዱ።"

"አንቺ ምን አልሽ?"

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን እያጠፈች፣ "እልል አልኩ" አለች።

"እሰይ! የገዛ ማሰሮሽን ለሚሰብር አዋጅ እልል!"

"ሁሉም እልል ሲል እኔ ብቻዬን ምን ልሁን እማማ?"

"ሁሉም ያለው አንቺ ስትጀምሪለት ነው" አሉ አሮጊቷ፣ እንዝርታቸውን መልሰው እያሾሩ። "እኔ እዚህ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ድምፅሽማ ያምራል። ልጅ የተወለደ ነው የመሰለኝ።"

በዚያ ሰሞን አገሩ ሁሉ በየአጥሩ ሥር ያወራው ስለ ገበያው ነበር። ሽንኩርት ነጋዴዋ ትርንጎ፣ "ጉልበቴ ከአሁኑ አለቀሰ" አለች። ጎረቤቷ፣ "ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?" ስትላት፣ "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" ብላ ዘጋቻት። ሁሉም ግን አልከፋውም። በጭቃ የሰመጠችው አህያ ባለቤት አያ ተገኝ፣ "ለእኔስ ተመቸኝ። ያን ቀን አህያዬን ሳወጣ ግማሽ ዕድሜዬ አልቋል" አሉ።

"አያ ተገኝ፣ አህያ ላለው ሰው አቀበት ምኑ ነው?" አለች ትርንጎ። "የእኔ አህያ እኔው ነኝ።"

ሳቁና ተለያዩ። ይህን ሁሉ ሐሳብ ከአጥሩ አልፎ ወደ ላይ የወሰደው ሰው ግን የለም። የከፋውም የተደሰተውም በየጓዳው አወራ፤ ወደ ንጉሡ የደረሰው እልልታው ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሆነ። ማንጠግቦሽ እንስራዎቿንና ማሰሮዎቿን በጭድ ጠቅልላ፣ በመረብ አስራ፣ በጀርባዋ አዝላ ተነሳች። ሌሊት ካፊያ ጥሎ ነበርና አቀበቱ ላይ ያለው ልሙጥ ድንጋይ እንደ ቅቤ ያዳልጣል። ከአቀበቱ ወገብ በላይ ከወጣች በኋላ እግሯ ከዳት። እሷ በጉልበቷ ወደቀች፣ ጭነቱም ከጀርባዋ ተንሸራትቶ ድንጋዩ ላይ አረፈ። ሸክላ ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ የሠራ ሰው ነው የሚያውቀው። አለቀሰች አይባልም፤ ዝም ብላ ገሉን ለቀመች። የተሰበረው ገል ተፈጭቶ ከአዲስ ጭቃ ጋር ይለወሳልና አይጣልም። የዚያን ሳምንት እህል ግን ከገል አይፈጭም። እቤት ስትደርስ እማማ ደብሪቱ ገሉን በእጃቸው ዳበሱ። ለምላሳቸው ያን ቀን ሥራ አልሰጡትም።

በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች የተራራው ገበያ እየሳሳ ሄደ። ባለ አህያው ይወጣል፣ ቤቱ ተራራው ላይ የሆነው ሸማ ነጋዴ ይገኛል። ቅቤዋን ይዛ የምትመጣ ባልቴት፣ ቆጮ የተሸከመች፣ ሸክላ ያዘለች ግን የለችም። ከታች፣ ከአጥር ኋላ፣ ከወንዙ ማዶ ትንንሽ ጉልቶች እንደ እንጉዳይ በቀሉ። ንጉሡ በመስኮቱ ባዶውን ገበያ አይቶ ልቡ አዘነ።

"እልል ብለው የተቀበሉትን ነገር ለምን ይሸሹታል?"

የአማካሪዎቹ አለቃ፣ "ጃንሆይ፣ ሕዝብ እንደ ሕፃን ነው። የሚበጀውን ሰጥተውት ይተፋል። በጥብቅ ማዘዝ ነው" አለ።

ስለዚህ ሌላ አዋጅ ተዘጋጀ። በተራራው ገበያ ያልተገኘ ማንም ሰው በሌላ በየትም ቦታ ምንም ነገር እንዳይሸጥ የሚል ነበር። ለባለ አህያው ምንም አይደለም። ለማንጠግቦሽ ግን መዝጊያ ነው፤ አቀበቱን አትችለውም፣ ከአቀበቱ ውጭ ደግሞ መሸጥ ክልክል ሊሆን ነው።

አዋጁ የሚነገር ዕለት ንጉሡ ራሱ ከአማካሪዎቹ አለቃ ጋር በበቅሎ ወረደ። ቅር ያለውን ልቡን እልልታው እንዲያጽናናለት፣ አንድ ጊዜ እንኳ በጆሮው ሊሰማው ፈለገ። ከሕዝቡ ኋላ ከአንድ ዋንዛ ሥር ቆመ።

ነጋሪት ተመታ። "ማንጠግቦሽን አሳልፏት" ተባለና ወደ ፊት አለፈች። አዋጁ ተነበበ። እንደ ልማዷ እጇን ወደ አፏ አነሳች። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደችው።

ዝም ተባለ።

ትርንጎ በክርኗ ጎሸመቻት። "ምን ሆንሽ? አውጪው እንጂ።"

"አይወጣም።"

"ጉንፋን ነው?"

"አይደለም።"

አዋጅ ነጋሪው ነፋሱ ቃሉን የወሰደበት መስሎት ከዳር እስከ ዳር ደግሞ አነበበው። አሁንም ዝም። አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ እናቱ ጡት አጎረሰችው፣ እንደገና ዝም። እንዲህ ያለ ዝምታ በዚያ አገር ተሰምቶ አያውቅም። ወንዶቹ እጅ ለመንሳት ጎንበስ እንዳሉ ቀና ማለትም ማጎንበስም አቃታቸው።

ንጉሡ ከበቅሎው ወርዶ በሰዉ መካከል አልፎ መጣ። "እልልታው ዛሬ የት ሄደ?" አለ።

ሁሉም ወደ ማንጠግቦሽ ተመለከተ። እሷም ወደ እሱ ቀርባ መሬት ሳመች።

"ጃንሆይ፣ የሌሎቹ ጥፋት የለም። የማወጣው እኔ ነኝ። ዛሬ ያላወጣሁትም እኔ ነኝ።"

"ታመሽ ነው?"

"ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ታዲያ ባለፈው የወደድሽውን ዛሬ ለምን ጠላሽው?"

"ባለፈውም አልወደድኩትም ነበር፣ ጃንሆይ። ተራራው ላይ ሸክላ ይዤ መውጣት አልችልም። ሞክሬ ወድቄ ሰብሬያለሁ። ዛሬ የተነገረውም ከጸና አማቴና እኔ የምንበላው አይኖርም።"

የንጉሡ ፊት ተለዋወጠ። "ካልወደድሽው እልል ማለትሽ ምን ነበር? ዋሽተሽኝ ነዋ።"

ማንጠግቦሽ ትንሽ አሰበችና፣ "አዎ፣ ዋሽቻለሁ" አለች። "በክፋት አይደለም፤ ለምዶብኝ ነው። እርስዎም ወደውታል ወይ ብለው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልወደድኩም ብዬ አልነገርኩዎትም። እንዲያው ስንተላለፍ ማሰሮዎቼ መሃል ላይ ተሰበሩ።"

የአማካሪዎቹ አለቃ ወደ ንጉሡ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ "ጃንሆይ፣ ይህ ከታለፈ ሕዝቡ ይደፍርዎታል" አለው።

ንጉሡ ግን ፊቱን አዞረ። እዚያው አጠገቡ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "እኔ እኮ ጭቃው እንዳያስቸግራችሁ ብዬ ነው" አለ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ስጦታው የተመለሰበት ሰው ድምፅ ነበር። "ጭቃው አያስቸግራችሁም?"

"ያስቸግረናል እንጂ" አለች ማንጠግቦሽ።

"በጣም ነው የሚያስቸግረን!" አሉ አያ ተገኝ ከመሃል። "ጃንሆይ፣ እኔ ባለ አህያው ነኝ። ለእኔ ተራራው ይሻለኛል፤ ልናገረው።"

"ለእርስዎማ ይሻላል፣ እኛስ?" አለች ትርንጎ።

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው? ስንት ዘመን የታፈነ ነገር አንድ ጊዜ ፈነዳ። ሸማ ነጋዴው ገበያው ከቤቱ ደጃፍ እንዳይነሳበት ይለምናል፣ ቅቤ ሻጯ ፀሐዩ ላይ ቅቤዋ እንደሚቀልጥ ታስረዳለች፣ አንዱ ሽማግሌ የገበያውን ነገር ትተው ስለ ድንበራቸው ክርክር ጀመሩ። አዋጅ ነጋሪው በነጋሪት ዝም ሊያሰኛቸው ቢመታ፣ ከልማድ የተነሳ አንዲት አሮጊት እልል ብለው ሁሉንም አሳቁ። ንጉሡም ሳቀ። "እልልታው ይሻለኝ ነበር መሰለኝ፤ ቢያንስ አንድ ድምፅ ነበር" አለ።

ሆኖም አልሄደም። ተቀምጦ አንድ በአንድ ሰማ። ሲሰማ ቆይቶ ማንም ብቻውን ያላሰበው ነገር ከመሃል ወጣ። ማንጠግቦሽ በክረምት ሸክላው ስለማይደርቅላት የምታወጣው ጥቂት እንደሆነ ተናገረች። አያ ተገኝ ደግሞ በበጋ ሜዳው ደረቅ ስለሆነ አህያቸው እዚያም እንደማይቸገር አመኑ። ስለዚህ ገበያው በበጋ በሜዳው፣ ክረምት ሲገባ በተራራው እንዲሆን፣ አቀበቱን ለማይችሉትም በክረምት ከተራራው እግር ሥር ድንጋይ የለበሰ ቦታ እንዲሰጣቸው ተስማሙ። ድንጋዩን ሊያነጥፉ ወንዶቹ ደቦ ወጡ። ሸማ ነጋዴው ግን ደስ አላለውም። ደስ እንዳላለውም ለንጉሡ ነገረው፤ ንጉሡም "ሰምቼሃለሁ" አለው። በዚያ አገር ያልተስማማ ሰው ሐሳቡን በንጉሥ ፊት ተናግሮ በሰላም ቤቱ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ንጉሡ ለአዋጅ ነጋሪው ሌላ ሥራ ጨመረለት። ማንኛውም ነገር አዋጅ ከመሆኑ በፊት ጥያቄ ሆኖ በየመንደሩ እንዲነገር፣ መልሱም ጎምዛዛም ቢሆን ሳይጣፍጥ እንዲመጣለት አዘዘ። ሥራው እንደበዛበት አዋጅ ነጋሪው ሲያማርር ሰምቻለሁ የሚሉ አሉ። አገሩም ጭቅጭቅ በዛበት። ግን በየአጥሩ ሥር የነበረው ሐሜት ቀዘቀዘ፤ ሰው የተናገረውን ነገር መልሶ ማማት ይሰለቸዋልና።

ማንጠግቦሽም በቀጣዩ ቅዳሜ ማሰሮዎቿን ከተራራው እግር ሥር ደርድራ ቁጭ አለች። ትርንጎ ሽንኩርቷን ይዛ መጣችና ሌላ ቦታ ሞልቶ ሳለ፣ "ጠጋ በይልኝ" ብላ ከጎኗ ተቀመጠች። ማንጠግቦሽ ያን ዕለት ማሰሮ በሸጠችበት ገንዘብ ጤፍ ገዝታ ገባች፤ እማማ ደብሪቱም ጤፉን በመዳፋቸው ዘግነው፣ "ይህኛው ከእልልታሽ ይሻላል" አሏት።

ወገኖቼ፣ እህቶቼ፣ ይህ ታሪክ የንጉሥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኛም ስብሰባ ተጠርተን እናጨበጭባለን፣ ስንወጣ ታክሲ ውስጥ እናማርራለን። በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ "ጥያቄ ያለው?" ሲባል መሬት መሬት እናያለን፣ በር ላይ ስንደርስ ሁላችንም ጥያቄ አለን። በእድራችን እጅ አውጥተን ያጸደቅነውን ማታ እራት ላይ እንረግመዋለን፤ ልጆቻችንም ሁለቱንም ያያሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው፣ ለክፉ ቃል ዝምታ ይሻላል። የሰው እንጀራ የሚነካ ነገር ሲሆን ግን ዝምታም ይነቅዛል።

የሚያስተዳድር ሰው ከዚህ ታሪክ ጭብጨባ መልስ እንዳልሆነ ይማር። መልካም ሐሳብም ቢሆን ሰዉን ሳይጠይቁ ከሰጡት አቀበት ይሆናል። የምንተዳደረው እኛ ደግሞ እውነቱን ሳንነግረው ገዢውን ብቻ መውቀስ እንደማይገባን እንማር። በትሕትና የተነገረ "አይመቸኝም" ድፍረት አይደለም፤ ለሚሰማው ሰው ከውሸት እልልታ የበለጠ ክብር ነው። አንደበት የሰጠን አምላክ ለምስጋና ብቻ አልሰጠንም፤ ለእውነትም ነው። ደግሞ ስንናገር ሌላው የሚለውን እንስማ፤ የአያ ተገኝም አህያ እውነት ሰምጣ ነበር።

እስቲ እናንተስ፣ ሳትወዱት እሺ ያላችሁት፣ እስከ ዛሬም ለሚመለከተው ሰው ያልነገራችሁት ነገር የትኛው ነው?